ቤት የሚጠገነው በጸደይ ነው

ቤት እንደ ሰው ይታመማል። የሰው ሕመም በትኵሳትና በማቃሰት ሲገለጥ፣ የቤት ሕመም የሚገለጠው በጣራ ቀዳዳ፣ በግድግዳ ስንጥቅ፣ በመዝጊያ መንጋደድና በመጸዳጃ ቤት ወለል መበስበስ ነው። ነገር ግን ሰው በታመመ ጊዜ ወደ ሐኪም ሲሄድ፣ ቤት በታመመ ጊዜ ባለቤቱ «ግድ የለም፣ ለመስከረም እናደርሰዋለን» ብሎ ያልፈዋል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው «ለመስከረም» የሚባለው ቀጠሮ ነው።

እንደሚታወቀው በብዙ ከተሞቻችንና መንደሮቻችን ቤትን ማደስ ከዘመን መለወጫና ከመስቀል በዓል ጋር የተያያዘ ልማድ ነው። ነሐሴ ሲያልቅ ጭቃው ይቦካል፤ በጳጕሜን ግድግዳው ይመረጋል፤ አቅም ያለው ኖራ ይቀባል፤ ቄጤማው ተጐዝጕዞ እንግዳ ይጠበቃል። ይህን ደስታ የሚነቅፍ ሰው እኔ አይደለሁም፤ በዚሁ ልማድ ውስጥ ተወልጄ አድጌአለሁና። የምነቅፈው ጊዜውን ነው። ክረምት ቤቱን ጐድቶ ከሄደ በኋላ ለጥገና መነሣት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ዓይነት ነገር ነው።

በእኛ አቈጣጠር ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ወቅት ነው። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ በሚወጣበት በሚያዝያ ወር ክረምት ሊገባ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው። አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፤ በጋውን ሙሉ ስናሳድረው የቈየነው የቤት ጥገና ሁሉ በሚያዝያና በግንቦት መፈጸም አለበት። ምክንያቶቼ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ጣራና የውኃ መውረጃ ቦይ የሚጠቅሙት ከዝናብ በፊት ሲበጁ ነው። ሁለተኛ፣ ምርጊት በደንብ የሚደርቀው ፀሐይ ሲያገኝ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ግን የወባ ነገር ነው። ይህን ሦስተኛውን ምክንያት በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን በገዛ ቤቴም ስለ ተማርሁት፣ ኀፍረት ቢሆንብኝም አስቀድሜ እርሱን እነግራለሁ።

የምኖርበት ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ወባ በየዓመቱ የሚጐበኘው ስፍራ ነው። ቤቴም የጭቃ ግድግዳና የቈርቈሮ ክዳን ያለው ነው። ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር በልጆች መኝታ ክፍል ጣራ ላይ አንድ ምስማር ተነቅሎ ቀዳዳ መተዉን ባለቤቴ አየችና «ይህ ነገር ሳይዘንብ ይደፈን» አለችኝ። እኔም «ቅዳሜ እወጣለሁ» አልኋት። ቅዳሜ የመሥሪያ ቤት ሥራ መጣ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልቅሶ ነበረ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ መሰላል የሚያውሰኝ ሰው ከቤቱ አልተገኘም። እንዲህ ስል ሰኔ ገባ።

ክረምቱን በሙሉ ከቀዳዳው በታች ጣሳ አኖርን። ውኃው ግን ወደ ጣሳው የሚጠበው ጥቂቱ ብቻ ነበር፤ የቀረው በእንጨቱ ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ ምርጊቱን ያርሰው ነበር። በሐምሌ ወር የወባ መከላከያ መድኃኒት የሚረጩ ሠራተኞች በየቤቱ ሲዞሩ የእኔም ቤት ተረጨ። በጳጕሜን የራሰው ምርጊት ይፈረፈር ጀመር። እንግዳ በሚመጣበት በዓል የተላጠ ግድግዳ ማየት ስለ ከበደኝ፣ መራጊ ቀጥሬ የክፍሉን አራት ግድግዳ እንደ አዲስ አስመረግሁ፤ ኖራም አስቀባሁ።

ኖራው ሳይደርቅ ቡና ሊጠጡ የመጡ አንዲት አረጋዊት ጐረቤታችን ግድግዳውን ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ እኛን ‹ቤታችሁ ከተረጨ በኋላ እንዳትመርጉ› ብለኸን አልነበረም ወይ?» አሉኝ። «እውነትዎን ነው፣ እማማ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም ስኒያቸውን እያስቀመጡ «ለካ ትእዛዙ ለእኛ ብቻ ኖሯል» አሉ።

በጥቅምት ወር የስድስት ዓመት ልጄ በብርድ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ደሟ ሲመረመር ወባ ተገኘባት። መድኃኒቱን በጊዜው ስለ ወሰደች ደኅና ሆናለች። የነከሰቻት ትንኝ በዚያ ግድግዳ ላይ ዐርፋ እንደ ነበረ ማስረጃ የለኝም፤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ነገር ግን ልጄን ይጠብቃት ዘንድ የተረጨውን መድኃኒት በገዛ ገንዘቤ በጭቃ እንደ ሸፈንሁት በርግጥ አውቃለሁ። የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ ምስማር ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬ ትርጕሙ የገባኝ ያን ቀን ነው።

የሚረጨው መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ ያልተረዳ ሰው፣ በላዩ መመረግ ምን ጕዳት እንዳለው ሊገነዘብ አይችልም። ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ሮናልድ ሮስ የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም በሕንድ አገር ሳለ የወባን ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ባገኘበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1897፣ መንገዱ ተከፈተ። በኋላም እንደ ታወቀው ትንኟ ከበሽተኛ ደም በጠጣች ጊዜ በዚያው ሰዓት ለሌላ ሰው በሽታ አታስተላልፍም። ተሕዋሱ በሰውነቷ ውስጥ አድጎ ለመተላለፍ እስኪዘጋጅ ድረስ ዐሥር ቀን ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ያስፈልገዋል። በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ትንኟ ደጋግማ ደም ትጠጣለች፤ በጠጣችም ቍጥር ሆዷ ስለሚከብዳት ሩቅ ሳትበር በአቅራቢያዋ ባለው ግድግዳ ላይ ታርፋለች። በግድግዳው ላይ መድኃኒት ካለ በእግሯ ነክታው ትሞታለች፤ በሽታውን ሳታስተላልፍም ትቀራለች። እንግዲህ የተረጨ ግድግዳ ማለት ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ ዘበኛ ማለት ነው። ጭቃ ወይም ኖራ በላዩ መቀባት ዘበኛውን በቁሙ መቅበር ነው።

መድኃኒቱ የሚረጨው ትንኝ ከሚበዛበት ወራት አስቀድሞ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ በክረምት ነው። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ወባ የሚበረታው ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ፣ ውኃ በየጕድጓዱ ቈሞ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ይኸውም ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። በረጪው ሠራተኛና በወባው መካከል የምናገኘው በዓል ዘመን መለወጫ ነው፤ መስቀልም ይከተላል። ስለዚህ መራጊው ወደ ቤታችን የሚገባው መድኃኒቱ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይሆናል። ከዚህ የከፋ ቀጠሮ ቢፈለግ አይገኝም።

ይህ ጥቃቅን ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር እ.ኤ.አ. በ1958 የሆነውን ያስታውስ፤ በእኛ አቈጣጠር ከ1950 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በደጋማው የአገራችን ክፍል፣ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ስፍራዎች ሳይቀር፣ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። ከዚያ በኋላ በቀጠለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ የወባ ማጥፊያ ሥራ በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋቋመ፤ ቤትን በመድኃኒት መርጨትም ዋና መሣሪያው ሆነ። የጥንቱ ዲዲቲ ዛሬ በሌሎች መድኃኒቶች ተተክቷል፤ ዋናው አሳብ ግን ያው ነው፤ ግድግዳው ለትንኟ ማረፊያ መሆኑ ቀርቶ መጥፊያዋ እንዲሆን ነው።

በዚህ ነገር ጥፋቱ የባለ ቤቱ ብቻ ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የእኛም የጤና ሠራተኞች ጥፋት አለበት። መርጫውን ተሸክመን በአንድ ጧት በድንገት ደርሰን «ዕቃችሁን አውጡ» ካልን፣ ሕዝቡ ግድግዳውን መቼ መርጎ ይጠብቀን? የሚረጭበት ሳምንት አስቀድሞ ታውቆ በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት፣ በመስጊድ፣ በገበያና በትምህርት ቤት ሊነገር ይገባል። ቀኑ ቢዛነፍ እንኳ ወሩ በሚያዝያ ሊታወቅ ይችላል። ቀን ሳንሰጥ ሕዝቡን «ለምን መረጋችሁ?» ብለን የምንወቅስበት መብት የለንም።

«ግድግዳውን በግንቦት መርገን ክረምት ቢያበላሸውስ? ለበዓል ምን እናሳያለን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው። መድኃኒቱ የሚረጨው በቤቱ የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው። ጣራው ደኅና ከሆነ የውስጡን ግድግዳ ዝናብ አያገኘውም፤ ስለዚህ በግንቦት የተመረገው በመስከረም እንዳማረበት ይቈያል። ዝናብ የሚመታውና እንግዳ ከሩቅ የሚያየው የውጭው ግድግዳ ነው፤ እርሱን በጳጕሜን መርጎ ኖራ መቀባት ማንንም አይጐዳም። ውስጡን በጸደይ፣ ውጭውን በመስከረም ብናደርገው በዓሉም ይከበራል፤ ልጆቻችንም ይጠበቃሉ።

አሁን ወደ ሥራው ቅደም ተከተል እንመለስ። ብዙዎቻችን የምንጀምረው ዐይን ከሚያየው ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለቤትም ይሠራል፤ ከመቀባት መድፈን ይቅደም።

1ኛ. ጣራ። መጀመሪያ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ይታይ። በቀትር ጊዜ በርና መስኮት ዘግቶ ወደ ላይ የተመለከተ ሰው ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ ሁሉ ይቈጥራል፤ ኮርኒስ ያለበት ቤት ደግሞ ባለፈው ክረምት የቀረውን የውኃ ምልክት ይመልከት። የላላ ምስማር ከነጎማው ይለወጥ፤ ትንሽ ቀዳዳ በሬንጅ ይደፈን፤ የበሰበሰ ቈርቈሮ ይቀየር። አሸንዳ ያለው ሰው ቅጠልና አፈር ይጥረግለት፤ የተደፈነ አሸንዳ ውኃውን መልሶ በግድግዳው ላይ ያፈሳልና። ወደ ጣራ የሚወጣ ሰው መሰላሉን ከታች የሚይዝለት ሌላ ሰው ይኑረው። ከጣራ መውደቅ ከወባ የማይተናነስ ጕዳት ነው።

2ኛ. የውኃ መውረጃ ቦይ። የጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። ከጣራው ጫፍ የሚወርደው ውኃ መሬቱን እየመታ በግድግዳው ሥር ይረጫል፤ መሬቱም ጠጥቶ እርጥበቱን ወደ ላይ ይስበዋል። በዚህ ጊዜ በምርጊቱ ውስጥ ያለው ጭድ ይበሰብሳል፤ የቋሚው እንጨት እግር ይሻግታል፤ ምስጥም መንገድ ያገኛል። ስለዚህ በቤቱ ዙሪያ ውኃ የሚያሸሽ ቦይ ይቈፈር፤ በግድግዳው ሥርም ድንጋይ ይደርደር። ቦዩ ግን መጨረሻ ይኑረው። ውኃውን ከእኛ ግድግዳ አንሥቶ በጐረቤት ደጃፍ የሚያቈም ቦይ በሽታውን አላጠፋም፤ አዛወረው እንጂ። ባለፈው ዓመት ለጕድጓድ ማፍሰሻ የተቈፈረ፣ አፈርና ጭድ የተወሰደበት ስፍራ ሁሉ ይሞላ። ጭቃ የተቦካበት ጕድጓድ ክረምት ሲገባ የትንኝ መፈልፈያ ኵሬ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

3ኛ. ግድግዳ። ስንጥቅን በላዩ በመለቅለቅ መሸፈን ጥገና አይደለም፤ ወዲያው መልሶ ይከፈታል። ስንጥቁ በመጀመሪያ በቢላዋ ሰፋ ብሎ ይከፈት፤ የላላው አፈር ይወገድ፤ በውኃ ይርጠብ፤ ከዚያም ጭዱ የበዛ ጭቃ እስከ ውስጥ ድረስ ይጠቅጠቅበት። ጭቃው ጭድ ተጨምሮበት፣ እየተረገጠ፣ ለጥቂት ቀን የቦካ ይሁን። የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ከደረቀ በኋላ ሁለተኛው ቀጭኑ ይደረብ፤ ሳይደርቅ የተደረበ አብሮ ይላጣል። በልግ በሚዘንብበት አገር የሚኖር ሰው ብራ የሆኑትን ቀኖች መርጦ ይጠቀም። በስንጥቅ ውስጥ ትኋን ይራባል፤ አይጥም በሰፋው ቀዳዳ ይገባል፤ ቆላማ በሆኑ አንዳንድ ስፍራዎችም ቃላ አዛር የሚባለውን ብርቱ በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀን ቀን በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትደበቃለች። ኖራ የሚያዘጋጅ ሰው ልጆችን ያርቅ። ያልበረደ ኖራ ውኃ ሲነካው ይፈላል፤ በዐይን የገባ እንደ ሆነ ዐይን ያጠፋል።

4ኛ. መጸዳጃ ቤት። እንግዳ የማይጐበኘው ስለሆነ ከሁሉ በኋላ የሚታሰበው ይህ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ከጣራ ቀጥሎ መቅደም ይገባው ነበር። የወለሉ እንጨት ምስጥ የበላው መሆን አለመሆኑ በብረት ወይም በሹል እንጨት እየተወጋ ይፈተን፤ ብረቱ በቀላሉ ከገባ ወለሉ ሰው የሚሸከምበት ጊዜ አልፏል። ዝናብ ጕድጓዱን በውኃ ሞልቶ ወደ ውጭ እንዳያፈሰው በዙሪያው አፈር ከፍ ይደረግ። የሚጠጣ ውኃ የሚቀዳበት ጕድጓድ ከመጸዳጃ ቤቱ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀና በላይኛው በኩል የሚገኝ ይሁን። ቀዳዳው መክደኛ ይኑረው፤ መታጠቢያ ውኃም በበሩ ይቀመጥ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ የተነሣው ኮሌራ ወደ ሌሎች ክፍላተ አገር ተዛምቶ ከአንድ ዓመት በላይ መቈየቱን እናስታውሳለን። ኮሌራ ከተበከለ ውኃና ምግብ በቀር ሌላ ዋና መግቢያ የለውም። ትራኮማን የሚያዛምተው ዝንብም የሚራባው በሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው፤ አገራችንም በዚህ የዐይን በሽታ ክፉኛ ከተጐዱት አገሮች አንዷ ናት። መጸዳጃ ቤቱ ፈርሶ ቤተ ሰቡ ወደ ጓሮ ከወጣ፣ የሳሎኑ ንጽሕና ለሕፃኑ ዐይን ምንም አይጠቅመውም።

5ኛ. የውኃ ማጠራቀሚያ። ይህ አባቶቻችን ያልነበረባቸው አዲስ ጭንቀት ነው። ከእስያ የመጣችና አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት መሆኗ በምርመራ ታውቋል። የለመድናት የወባ ትንኝ በገጠር ኵሬ ስትፈለፈል፣ ይህች ግን በከተማ መካከል በበርሜል፣ በታንከርና በሕንፃ ሥራ ስፍራ በተጠራቀመ ውኃ ትፈለፈላለች፤ በጋም ቢሆን አትጠፋም። ስለዚህ መክደኛ የሌለው በርሜል መክደኛ ይሠራለት፤ የተሰነጠቀው ይለወጥ፤ በየሳምንቱም ውኃው ተደፍቶ በርሜሉ ይፈተግ። የተቀደደ አጎበር ያለው ሰው በመርፌና በክር ይስፋው፤ ይህም የቤት ጥገና ነው።

6ኛ. ማድ ቤት። ጭስ የሚወጣበት መንገድ ይከፈት፤ የተደፈነ የጭስ ማውጫ ይጠረግ፤ የተሰበረ ምድጃ ይበጅ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ሰው የሞተው ከቤት ውስጥ ጭስ በሚመጣ በሽታ ምክንያት ነው። በክረምት በሩ ስለሚዘጋ ጭሱን የሚስቡት እናትና በጀርባዋ ያለው ሕፃን ናቸው። አንድ መስኮት ለመክፈት አንድ ቀን ይበቃል።

«ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሁሉን በአንድ ጸደይ ማድረግ የማይችል ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለኖራ ያሰበውን ገንዘብ በምስማር ይጀምር። በእኔ ቤት ለምስማሩና ለሬንጁ ይወጣ የነበረው ዋጋ፣ በኋላ ለመራጊው ከከፈልሁት ሃያ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም ነበር። ድኻ ያደረገን ጥገናው አይደለም፤ መዘግየቱ ነው። በኪራይ ቤት የሚኖረው ደግሞ «አከራዩ ያድርገው» ይላል፤ አከራዩም «የሚኖርበት ያድርገው» ይላል፤ በሁለቱ መካከል ዝናቡ ይገባል። ቢቻል ጣራውና መጸዳጃ ቤቱ የአከራይ፣ ቦዩና የውኃ ዕቃው የተከራይ ቢሆን ፍትሕ ይመስለኛል። ስምምነት ባይገኝ ግን ከክርክሩ በፊት ቀዳዳው ይደፈን፤ የሚታመመው በዚያ ጣራ ሥር የሚያድረው ነውና።

በሆላንድ አገር ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ፣ በዚያ አገር ጸደይ ሲገባ ቤትን ከጣራ እስከ ወለል ማጽዳት የቈየ ልማድ መሆኑን አይቻለሁ። ያከራዩኝ አረጋዊት በጓዳቸው በር ላይ አንድ ትንሽ ደብተር አንጠልጥለው ነበር። በብርዱ ወራት ያዩትን ጕድለት ሁሉ፣ ነፋስ የሚያስገባውን መስኮት፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ፣ በዚያ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ጸደይ ሲደርስ አንድ በአንድ እየሠሩ ይሰርዛሉ። በሀብት እንበልጣቸዋለን ማለት አልችልም፤ ነገር ግን ደብተርና እርሳስ ለመያዝ ሀብት አያስፈልግም። ሰው የረሳውን አይጠግንም። ክረምት የቤታችንን ጕድለት የሚያሳየን መርማሪ ስለሆነ፣ የመርማሪውን ቃል መዝግቦ መያዝ የእኛ ፈንታ ነው።

በዚህ ረገድ የመምህራን እርዳታ ከማንም ይበልጣል። ለተማሪዎች በአንድ ሳምንት መጨረሻ የቤታቸውን ጣራ፣ ቦይ፣ ግድግዳ፣ መጸዳጃና የውኃ ዕቃ ተመልክተው በደብተራቸው እንዲጽፉ ቢታዘዙ፣ ልጁ ያየውን ወላጁ ሊሸሽገው አይችልም። ነገር ግን የድኻው ልጅ በጓደኞቹ ፊት እንዳያፍር ዝርዝሩ በክፍል ውስጥ አይነበብ፤ ወደ ቤት ብቻ ይሂድ። አስቀድሞም የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት ይጠገን። ተማሪው የሚያየው የምንናገረውን ሳይሆን የምናደርገውን መሆኑን ከአረጋዊቷ ጐረቤቴ ተምሬአለሁ።

ስለ እድሮቻችንም አንድ አሳብ አለኝ። እድር ሰው ሲሞት የሚተከል ድንኳን፣ ለለቀስተኛ የሚቀርብ ወንበርና ድስት አለው። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሰው እንዳይሞት የሚያገለግል አንድ መሰላል፣ ሁለት አካፋና አንድ መዶሻ ቢጨምርበት ምን ይጐድልበታል? እኔን ሦስተኛውን ቅዳሜ ያሳለፈኝ መሰላል ማጣት ነበር። አቅም የሌላቸውን አረጋውያንና ባል የሞተባቸውን እናቶች ቤት ደግሞ በግንቦት አንድ እሑድ በደቦ መጠገን ይቻላል። ለእርሻ የሚወጣ ደቦ ለጣራም ሊወጣ ይገባዋል።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፣ ዘንድሮ በእኔ ቤት ሥራው በመጋቢት መጨረሻ ተጀምሯል። ጣራው ተፈትሿል፤ ቦዩ ተቈፍሯል፤ የልጆቹ ክፍል በያዝነው ወር ይመረጋል። መርጫ ይዘው የሚመጡት ሠራተኞች ሲደርሱ የደረቀ ግድግዳ ያገኛሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ማንም እጁን አያሳርፍበትም። ለዘመን መለወጫ የሚቀባው የውጭው ግድግዳ ብቻ ነው። ያች አረጋዊት ጐረቤታችንም ባለፈው ሳምንት በአጥር በኩል ሲያልፉ እኔን በጣራ ላይ አይተው «አሁን ትእዛዙ ለሁላችን ሆነ» ብለውኛል። እናንተም ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ጊዜ ወደ ጣራችሁ ቀና በሉ። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ካያችሁ፣ ሰኔ ሳይገባ ዛሬውኑ ምስማሩን አዘጋጁ።